ማር በላው

ድብን በጥንት ስሙ የሚጠራ ስላቭ የለም። ለሩሲያዊውም ለቼኩም «ሜድቬድ» ነው፤ ማር በላ። የግሪኩን «አርክቶስ» እና የላቲኑን «ኡርሱስ» ያስገኘው ጥንታዊ ስም ከስላቮች አንደበት ጠፍቷል። የቋንቋ ሊቃውንት ምክንያቱ ፍርሃት ነው ይላሉ፤ ጫካ ውስጥ ስሙን ያነሳ አውሬውን ጠራው ማለት ነውና። ተረታችን ጅብን «አያ ጅቦ» እያለ ሲያባብል ለሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አንዳንዶች ቃሉን «ማር ያለበትን የሚያውቅ» ብለው ይፈቱታል፤ ያምራል፣ ግን ስህተት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ማባበሉ አለማብቃቱ ነው። «ማር በላ» ራሱ መደበኛ ስም ሲሆን ሩሲያውያን «ሚሽካ»፣ «ሸፋፋው»፣ «የጫካው ጌታ» የሚሉ ሌሎች መጠሪያዎች አወጡለት። ዩክሬናውያን ደግሞ ድምፆቹን አቀያይረው «ቬድሚድ» አሉት።