ዓይን ቢበዛ ማየት ይጨምራልን?

በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ተመልካቹን ፊት ለፊት ሲያይ፣ ኃጥኡ በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ ጥበብ የዓይን ቁጥር የሠዓሊው ፍርድ መግለጫ ነው። ዛሬ ብዙ ዓይን ያለው ካሜራ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ድፍረት ጎልቶ የታየው፣ ላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል 16 የተሰኘውን ካሜራ ባስተዋወቀ ጊዜ ነበር። በአንድ ገጹ ላይ 16 ትናንሽ ሌንሶች ነበሩት፤ ከሩቅ የሚያቀርቡት ሌንሶች ብርሃኑን በመስተዋት አጥፈው ስለሚቀበሉ መሣሪያው ኪስ ለመግባት በቃ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት በአንድነት ያነሣሉ፤ ስሌቱም ምስሎቹን አዋሕዶ እስከ 52 ሜጋፒክስል የሚደርስ አንድ ፎቶግራፍ ያወጣል። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከስልክ ካሜራ ሥራ ወጣ፤ በ2022ም ብዙዎቹ የፈጠራ መብቶቹ ወደ ትራክተር አምራቹ ጆን ዲር ተዛወሩ። የሰውን ፊት እንዲያይ የታሰበው ዓይን የእርሻ መኪና እንዲመራ ተፈለገ ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን በየስልኩ ጀርባ ሕያው ነው። አንድ ወጣት አመሻሹ ላይ ለቡ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ፀሐይዋን ከኋላዋ አድርጎ ነጠላ የለበሰች እናቱን አነሣ እንበል። በፊልም ዘመን ወይ የሰማዩን ቀለም ወይ የእናቱን ፊት መምረጥ በተገባው ነበር። ስልኩ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ብርሃን የተቀበሉ ምስሎችን ደራርቦ ሁለቱንም ይሰጠዋል። ይህ ጸጋ ሊታበል አይችልም። ዳሩ ግን የሁለት ሌንሶችን እይታ አነጻጽሮ ርቀት ሲገምትና ጀርባውን ሲያደበዝዝ፣ የሹሩባዋን ጫፍና የነጠላዋን ዘርፍ አብሮ ሊያጠፋቸው ይችላል።

ከዘርፉ ይልቅ የሚያሳስበው የፊቷ ቀለም ነው። ኮዳክ የቀለም ኅትመት የሚለካበት «ሸርሊ» የተባለው ካርድ ለብዙ ዘመን የነጭ ሴት መልክ ነበር፤ ቡናማው ቀለም እንዲሻሻል ካስገደዱት መካከልም የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የስልክ መገጣጠሚያ የከፈተው የቻይናው ትራንሽን፣ ቴክኖ በሚባሉት ስልኮቹ ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ አስማምቻለሁ ማለቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ርምጃ ነው። ነገር ግን አማርኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ ለይቶ የሚጠራውን መልክ «ጥቁር ቆዳ» በሚል አንድ ስያሜ መጠቅለል ይቻላልን?

የድሮው ፎቶ ቤት ባለሙያም አላረመም አይባልም። በኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ መጨማደድን ያለሰልስ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። ሆኖም ባለመልኳ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አይቷታል፤ ሥራው ካላስደሰታት «ይህ እኔን አይመስልም» ብላ ልትመልስበት ትችላለች። የስሌቱ ፍርድ ግን ከሌሎች ሰዎች እልፍ ፎቶግራፎች ተቀምሮ፣ እርሷ ጣቢያው አጠገብ ከመቆሟ በፊት የተሰጠ ነው። አቤት የምትልበትም ደጅ የለም።

እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን እንዲጥል የሚያስገድደው ነገር የለም። መሣሪያው ከፈቀደለት ስሌቱ ያላረመውን ጥሬ ምስል ያስቀምጥ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስተያይ፤ የቀለሙንም ፍርድ ከማሽኑ ወደ ራሱ ይመልስ። የመጨረሻው ፈተና ለቡ ባለው ቤት፣ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ይደረጋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያዩ ጎረቤቶች ወደ እናቲቱ ዘወር ብለው «ይቺ ማን ናት?» ብለው ከጠየቁ፣ 52 ሜጋፒክስሉ ለከንቱ ነበር።