ጨው ለዓሣው እንጂ ለገንዳው አይደለም

ጉፒና ቼሪ ሽሪምፕ አንድ ላይ የሚያኖር ሰው ከዕለታት አንድ ቀን በዓሣው ክንፍ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ያያል። ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ለዚህ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕ ይገድላል። ያኔ እጅ ወደ ጨው ይሄዳል። ጨው እንደሚያድን አልጠራጠርም፤ የሚያከራክረው የት ይጨመር የሚለው ነው።

ነጥቡ የሚታየው ተሕዋሱ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ሲመገብ ነው። እዚያ ሳለ ጨው አይደርስበትም። ሲጠግብ ከዓሣው ላይ ወርዶ ጠጠር ወይም ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ ልጆቹም ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ጨው የሚጨርሰው እነዚህን ዋናተኞች ነው፤ ለዚህም በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ያስፈልጋል።

ቼሪ ሽሪምፕ በሊትር 1 ግራም ገደማ ቀስ እየተባለ ቢጨመርለት ይችለዋል። ከዚያ በላይ፣ በተለይ ቅርፊቱን በሚቀይርበት ሰሞን፣ ሸክሙ ይከብደዋል፤ የውኃ ተክሎችም ይጎዳሉ። ለሽሪምፑ ብለን ስንቀንስ ኢክ ይተርፋል፤ ለዓሣው ብለን ስንጨምር ሽሪምፑን እንፈታተናለን።

መውጫው ከተሕዋሱ ጠባይ ይገኛል፤ ኢክ ያለ ዓሣ አይኖርም፣ ሽሪምፕም ማደሪያው አይደለም። ስለዚህ ዓሦቹን በሙሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትንም ጨምሬ፣ ወደ ባልዲ አወጣለሁ። ገንዳው ውስጥ የቀሩት ዋናተኞች በሁለት ቀን ገደማ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ። ጠጠርና ቅጠል ላይ የተጣበቁት ግን ገና ሌሎች ዋናተኞች ስለሚያወጡ፣ ውኃው 25 ዲግሪ ከሆነ ገንዳውን ለሦስት ሳምንት ለሽሪምፖቹ ብቻ እተወዋለሁ። ማሞቂያ በሌለበት በአዲስ አበባ ክረምት ግን የተሕዋሱ ዕድገት ስለሚንቀራፈፍ ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል።

ባልዲው የራሱ ሥርዓት አለው። የጨው ቅንጣት አንዱ ደቃቅ አንዱ ሻካራ ስለሆነ ማንኪያ አላምንም፤ በሚዛን እለካለሁ። በሌላ ዕቃ አሟሙቼ በሁለት ቀን ከፋፍዬ እጨምራለሁ። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ በተነነው ፋንታ ንጹሕ ውኃ፣ ቀድቼ በደፋሁት ፋንታ ደግሞ በዚያው መጠን ጨው ያለበት ውኃ እተካለሁ። ባልዲ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ስለሌሉ ውኃውን በየቀኑ መቀየር ግድ ነው። ሙቅ ውኃ ብዙ ኦክሲጅን አይዝም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነውና የአየር ፓምፑ ሌሊትም አይጠፋም። የባልዲው መረብም ወደ ገንዳው አይገባም፤ በአንድ ጠብታ በሽታው ሊመለስ ይችላል።

ነጥቡ ሲጠፋ ብዙዎች ሕክምናውን ያቆማሉ። የጠፋው ግን ከዓሣው ላይ ወርዶ ባልዲው ውስጥ እየተራባ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ዓሦቹን የምመልሰው የገንዳው ጊዜ ሲያበቃ ነው። ለዚህ ነው ጀማሪዎች ምን መድኃኒት እንግዛ ሲሉኝ አስቀድመው ባልዲ፣ የአየር ፓምፕና የወጥ ቤት ሚዛን እንዲገዙ የምመክረው።