«ከተሜ» ማነው?

አንድ ሰው የአንድ ከተማ ሰው የሚባለው ምን ሲሆን ነው? በዚያ ስለተወለደ? አባቱ በዚያ ስለተቀበረ? ወይስ በዚያ ስለሚኖር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም «ከተሜ»፣ «ባላገር»፣ «መጤ» እያልን የምንወራወራቸው ቃላት ጎረቤትን ከጎረቤት እያቀያየሙ ነውና ከሥራቸው መመርመር ይገባል።

«ከተሜ» የመጣው ከ«ከተማ» ነው፤ መክተም ደግሞ ሰፍሮ መቀመጥ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን ተክለው የሚሰፍሩበት ቦታ ከተማ ይባል ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ከተሜ ራሱ ከሌላ ሥፍራ መጥቶ የሰፈረ ነው! በከተሜነቱ እየተመካ ሌላውን «መጤ» የሚል ሰው የገዛ ስሙን ትርጉም ስቷል። «ባላገር» ስንልስ? ቃሉ «ባለ አገር» ማለት ነው፤ እኛ ግን ለስድብ አዋልነው። በኦሮምኛ ከተማ «መጋላ» ይባላል፤ በሐረሪዎች ቋንቋ መጋላ ገበያ ነው፤ የሐረሩን ፈረስ መጋላ ያስታውሷል። ገበያ ደግሞ ያለ ገጠሬው አይቆምም።

ክብረ መንግሥትን እንመልከት። አዶላ ተብላም የምትጠራው ይህች ከተማ ያለችው በጉጂዎች አገር ነው። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የአዶላ ወርቅ ቆፋሪውንና ነጋዴውን ከሩቅ ጠርቷል። እንግዳው ባለ አገሩን ቢንቅ፣ ባለ አገሩም እንግዳውን ቢገፋ ሁለቱም ይከስራሉ።

የስሪብን መዲና ያሏት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ከዐረብኛ ሊቃውንት ከፊሎቹ «መዲና»ን «መደነ» (በቦታው ተቀመጠ) ከሚለው፣ ሌሎቹ «ዳነ» (ፈረደ፣ ገዛ) ከሚለው ያመጡታል። የመዲና ሰዎችም ባለ አገሮቹ አንሷሮችና ስደተኞቹ ሙሃጂሮች ነበሩ። ታዲያ ነዋሪነት ብቻውን ክብር ሆነላቸውን? ሱረቱ ተውባህ ከመዲና ሰዎች መካከል ሙናፊቆች እንዳሉ (101)፣ ከዘላኖቹ መካከልም በአላህ የሚያምኑ እንዳሉ (99) ይነግረናል። ወደ መዲና ስንመለስ ኃያሉ ወራዳውን ያባርራል ብለው የዛቱትም ሙናፊቆች መሆናቸውን ሱረቱል ሙናፊቁን (8) ያስረዳል። «ከከተማችን ውጣ» የሚለው ዛቻ ከማን አፍ እንደወጣ ልብ ይበሉ!

ወላጆች ሆይ! ልጅ ስድብን የሚማረው በቅድሚያ ከቤት ነው። ጎረቤቱን በስሙ እንዲጠራ እናስተምረው፤ ከየት እንደመጣ ከመጠየቁ በፊት ሰላምታ እንዲያቀርብለት እናልምደው። አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን።