ከቅጂ ወደ ፈጠራ፦ ፍሊትውድ ማክና «ዜን ፕሌይ ኦን»

አንድ የሙዚቃ ስልት ከተወለደበት ሕዝብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚነሣው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ተቀባዩ ወገን መልኩን ብቻ ይቀዳል ወይስ የራሱን ኑሮ ይናገርበታል? የእንግሊዙ ባንድ ፍሊትውድ ማክ በመስከረም 1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዜን ፕሌይ ኦን» የተሰኘ ሸክላ ይህንኑ ጥያቄ ለመመርመር ይረዳል።

ብሉዝ በአሜሪካ ደቡብ በዘር መድልዎ የተረገጠው ጥቁር ሕዝብ ብሶቱንም ደስታውንም የገለጸበት ጥበብ ነው። በ1967 በለንደን የተቋቋመው ባንድ በ1968 ያወጣቸው ሁለት ሸክላዎች ለዚህ ቅርስ የነበረውን ፍቅር ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ፍቅሩ በአብዛኛው ከቅጂ አላለፈም። በሁለተኛው ሸክላ አራት ዘፈኖች ኤልሞር ጀምስ በታወቀበት በዚያው የጊታር መግቢያ መጀመራቸው የፈጠራውን ድርቀት ያሳያል። በጥር 1969 አባላቱ ቺካጎ ድረስ ሄደው ከዊሊ ዲክሰንና ከኦቲስ ስፓን ጋር ሲጫወቱም ገና በደቀ መዝሙርነት ደረጃ ላይ ነበሩ።

በ«ዜን ፕሌይ ኦን» ግን ሁኔታው ተለወጠ። በእንግሊዝ አገር በወጣው የመጀመሪያ እትም ከሚገኙት 14 ሥራዎች አንድም ከሌላ የተወሰደ የለም። ሰባቱን በ1968 ባንዱን የተቀላቀለው ወጣቱ ዳኒ ከርዋን፣ አምስቱን ፒተር ግሪን ደርሰዋቸዋል። የኤልሞር ጀምስ ተከታይ የነበረው ጀረሚ ስፔንሰር በሸክላው ላይ እምብዛም አይሰማም።

ለውጡ በድምፁ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በመክፈቻው «ካሚንግ ዩር ዌይ» የሚክ ፍሊትውድ ከበሮ አጃቢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዜማውን ይመራል። በ«ክሎዚንግ ማይ አይዝ» የግሪን ጊታር ጥቂት ድምፆችን አውጥቶ ዝም ይላል፤ ሐዘኑም በዝምታው ውስጥ ይሰማል። «ራትልስኔክ ሼክ» ደግሞ የብሉዝን ምት እንደ ጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ባንዱ ሥሩን ነቅሎ አልጣለም።

ሸክላው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ከረጅም የጋራ ጨዋታ ተቆርጠው የገቡት ሁለቱ «ማጅ» የተባሉት ሥራዎች ጉልበት እንጂ ቅርፅ የላቸውም። የከርዋን ለስላሳ ዘፈኖችም አንዳንዶቹ ከግሪን ሥራዎች አጠገብ ሲቀመጡ ይቀላሉ።

ግሪን በግንቦት 1970 ባንዱን ለቀቀ፤ በ2020ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ባንዱ በ1977 ባወጣው «ሩመርስ» በዓለም ዙሪያ ሲታወቅ ከብሉዝ እጅግ ርቆ ነበር። «ዜን ፕሌይ ኦን» በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይገኛል። የሌላውን ሕዝብ ጥበብ የሚያከብር ሙዚቀኛ ጠንቅቆ ከተማረ በኋላ በራሱ አንደበት መናገር እንደሚገባው ለማስተማር ከቀደሙት ሁለት ሸክላዎች ይልቅ ይህ ይበቃል።