የማያልቀው ባዶ ቦታ

ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ከላይ በተዘረጋው ቱልባር ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ከስተማይዝ» የሚለውን የመረጠ ሰው የበተኖች ግምጃ ቤት ይከፈትለታል። መመለሻው፣ ማስተላለፊያው፣ መሰረዣው፣ ማተሚያው፣ ሁሉም እዚያ ተደርድሯል። አንዱን በማውዝ አንሥቶ ቱልባሩ ላይ ሲያሳርፈው ከግምጃ ቤቱ ይጎድላል፤ ያለው አንድ ነውና። ከሁሉ መካከል ግን ቢያነሡት የማይጎድል አንድ አለ። ስሙ «ፍሌክሲብል ስፔስ» ነው፤ ሥራው ባዶ ቦታ መሆን ብቻ። በሁለት በተኖች መካከል ሲገባ ይለጠጥና ያራርቃቸዋል፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ሲገባ የተረፈውን ስፋት ይካፈላል፤ መስኮቱ ሲጠብም አብሮ ይጠባል። የፈለጉትን ያህል ቢወስዱለት አያልቅም።

ባዶነትን እንደ ዕቃ ቆጥሮ፣ ስም ሰጥቶ፣ በእጅ የሚያዝ አድርጎ ማቅረብ የበሰለ ሠሪ ሥራ ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚኮሩት በጨመሩት ነገር ነው። እዚህ ግን ተጠቃሚው የማይፈልገውን አንሥቶ፣ የሚፈልገውን አራርቆ፣ ለዓይኑ ማረፊያ እንዲያበጅ ታስቦለታል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም በደንብ ያየሁት ከአዲስ አበባው ሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል ብዙ በማይርቅ አንድ ቢሮ፣ በአንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ስክሪን ላይ ነው። መስኮታቸው ቀላል ባቡሩ ወደ አያት የሚያልፍበትን ጎዳና ያያል። ቱልባራቸውን ላንብብላችሁ። በስተግራ ጫፍ መመለሻና ማስተላለፊያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ባዶ ቦታ። መሃል ላይ ታግ መለጠፊያውና ደብዳቤውን ወደ አርካይቭ የሚልከው አሉ። እንደገና ባዶ ቦታ። ከዚያ የመፈለጊያው ሳጥን፣ ሌላ ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻም በስተቀኝ ጫፍ ብቻውን የቆመ መሰረዣ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመልሰው በተን ግን የለም።

«እትዬ፣ ለሁሉም መመለሻውን ለምን አወጡት?» አልኋቸው።

«ለአንድ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲደርስ አይቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ከፈለግሁት ሜኑው ውስጥ አለ፤ ሄጄ አመጣዋለሁ። እግረ መንገዴን ግን አላገኘውም።»

የእጃቸው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በተኖቹን የደረደሩት ስህተት ቢፈጠር በሚያስከትሉት ጣጣ መጠን ነው። መመለሻውና ማስተላለፊያው ተጠግተው ይቀመጡ፤ አንዱን ሲሉ ሌላውን ቢነኩ የሚከፈተው ገና ያልተላከ ጽሑፍ ስለሆነ መዝጋት ይበቃል። መሰረዣው ግን አንድ ክንድ ይራቅ። ሦስቱ ባዶ ቦታዎች እንዲያው ለውበት የገቡ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ውሳኔን ከሌላው የሚለዩ ድንበሮች ናቸው።

እትዬ ሥራ የጀመሩት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ መንገዱን የጠረጉለት ያ መኪና ትልቅ ድል ነበር። ፊደላችን ብዙ በመሆኑ በቁልፎቹ ላይ ሁሉም ሊሰፍር ስላልቻለ፣ መኪናው የፊደሉን አካል መትቶ የአናባቢውን ምልክት በሌላ ቁልፍ ይቀጥልበት ነበር። የየቁልፉ ቦታ ግን አንዴ በፋብሪካ ተወስኗል፤ ጸሐፊዋ ጣቶቿን ታስለምዳለች እንጂ ቁልፉን ወደ ጣቷ አታመጣም። እትዬ ተንደርበርድ ላይ በተን ይዘው ሲጎትቱ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዕድሜ ልካቸውን የመሣሪያ ቅርጽ ሲቀበሉ ኖረው፣ አሁን መሣሪያው የእሳቸውን ቅርጽ ይቀበላል።

የተንደርበርድ የመጀመሪያው ሙሉ ቨርዥን የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2012 አዳዲስ ነገር መጨመሩን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ፕሮግራሙን ያቆዩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ዛሬ የሚኖረው ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ቱልባሩ አሁን ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው፣ ሱፐርኖቫ በተባለው 115ኛ ቨርዥን ነው። ያኔ በመስኮቱ አናት ላይ አንድ ወጥ ቱልባር ሆነ፤ ሆኖም ለኢሜይሉ፣ ለአድራሻ መዝገቡና ለካሌንደሩ የየራሳቸው የበተን ድርድር ተሰጣቸው። ካሌንደር ሲከፈት መመለሻው ዘወር ይልና የካሌንደሩ ዕቃ በቦታው ይመጣል። የማስተካከያው ገጽም ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ትር አለው።

እዚያው ገጽ ላይ አንዱን በተን ራይት ክሊክ ብታደርጉት ትንሽ ሜኑ ይወጣል፦ ወደ ፊት ውሰደው፣ ወደ ኋላ መልሰው፣ ወደ መጀመሪያው አድርገው፣ ወደ መጨረሻው ላከው፣ አስወጣው። ሳይጎትቱ ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥበት ወይም በላፕቶፕ ታችፓድ ይዞ መጎተት ለማይሆንለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያምር ጉተታ ሠርቶ «በቃ» ማለት ይቻል ነበር። ሠሪዎቹ ግን መጎተት የማይችለውን ሰው አስበው ሁለተኛ መንገድ ጠረጉለት። እኔ የሥራ ጥራትን የምለካው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይነቀልም። በቀኝ ጥግ ያለው፣ ሦስት ሰረዝ የተሰመረበት ዋናው ሜኑ ምንም ብታደርጉት ቦታውን አይለቅም። አንድ የጣልያን ኩባንያ በደርግ ዘመን የሠራቸውን የድሮ የሲ.ኤም.ሲ ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሲሠሩ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ነበሩ፤ ዛሬ አንዱ ወጥ ቤቱን ወደ ጓሮ አውጥቷል፣ ሌላው በረንዳውን መስታወት አልብሶ ክፍል አድርጎታል፣ ሌላው አጥሩ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ጣራውን የተሸከመውን ግድግዳ ግን የነካ የለም። ተንደርበርድም ሌላውን ሁሉ እንዳሻችሁ ለእናንተ ሰጥቶ፣ ከራሳችሁ ፕሮግራም ውጭ እንዳትቀሩ አንዷን በር ይዞላችኋል።

በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የወረደ ሌላ ቀጭን ቱልባር አለ፤ ከኢሜይል ወደ አድራሻ፣ ወደ ካሌንደር፣ ወደ ተግባር ዝርዝር መሻገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ102ኛው ቨርዥን ጋር መጣ። ቀለሙን መቀየር ይቻላል፤ ቦታ ወሰደብኝ ያለ ደግሞ ከታች ባለችው ቀስት ያጥፈዋል፤ ሲታጠፍም ጨርሶ አይጠፋም፣ አንዲት ትንሽ በተን ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ልቤን የነካው እዚያ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ቋንቋና ስለ መልክ ከሚናገረው ክፍል «አድቫንስድ» የሚለውን ሲጫኑ የፎንት መምረጫ ይከፈታል። የዓለም የጽሕፈት ዓይነቶች በዝርዝር ቀርበዋል፤ ከእነሱም አንዱ ኢትዮፒክ ነው። ከላቲኑ ተለይቶ የራሱ ፎንት፣ የራሱ መጠን፣ የራሱ ትንሹ ልክ ይሰጠዋል። እንግሊዝኛው በ14 እየተነበበ አማርኛው በ18 እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በቨርዥን 3.0፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ወይ ተቀባዩ ያንኑ ፎንት መጫኑን ማረጋገጥ፣ ወይ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እንዳዘጋጁት ሴራ በሚባል ሥርዓት በላቲን ፊደል መጻፍ ነበረበት። ያን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው በአንድ የፎንት ዝርዝር ውስጥ ለራስ ጽሕፈት የተለየ ረድፍ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እትዬ የአማርኛውን መጠን ከፍ አድርገውታል። የረድፎቹንም መራራቅ ከሦስቱ አማራጮች ሰፊው ላይ አውለውታል። ትክክል ናቸው። የእኛ ፊደል ቁመቱ ሙሉ ነው፤ በጠባቡ ረድፍ የ«ሯ» እና የ«ሟ» እግር ከታች ካለው መስመር ራስ ጋር የሚነካካ ይመስላል። የበተኖቹን የእንግሊዝኛ ስም ደግሞ አጥፍተው ሥዕሉን ብቻ አስቀርተዋል፤ ቱልባሩ ከስም ጋር፣ ያለ ስም፣ ስሙ ከሥዕሉ ጎን ወይም ከሥሩ ሆኖ እንዲታይ ምርጫ ይሰጣል። ታጎቹንም በአማርኛ ሰይመዋቸዋል፦ አስቸኳይ፣ ፊርማ የሚጠብቅ፣ ሒሳብ ክፍል፣ መልስ ያልመጣለት። እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው፤ ከቁልፍ ሰሌዳው 1ን ሲጫኑ ደብዳቤው «አስቸኳይ» ሆኖ ቀይ ይለብሳል። ማውዙን አይነኩትም።

መብራት ሄዶ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሥራቸው አይቆምም። ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ በላፕቶፑ ባትሪ ያነባሉ፣ መልስ ይጽፋሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ኢሜይል አዲስ አበባ የገባውም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በተባለው ክፍሉ በኩል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኢሜይል ሲያዳርስ፣ ደብዳቤው ተጽፎ ይጠራቀምና በስልክ መስመር በተራው ይተላለፍ ነበር።

ጂሜይልን ለምን አይጠቀሙም የሚል ይኖራል። ጂሜይልም ረድፉን ያሰፋል ያጠብባል፣ በበተን ፈንታ ቃል ያሳያል፣ የማይፈለገውን ሌብል ይደብቃል። በተኑን ግን አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አታኖሩትም። አውትሉክ ከ2010ሩ ቨርዥን ጀምሮ ሪበን የሚባለውን የበተኖች መደዳውን እንድንነካ ፈቅዷል፤ ሪበኑ ግን በቡድን በቡድን የታሰረ ስለሆነ እትዬ በሦስት ባዶ ቦታ የሠሩትን ዓይነት ድንበር በእጅ ማስመር አያመችም።

ተንደርበርድ ለረዥም ጊዜ ያስቸገራቸው በፎልደር ነው። ደብዳቤዎቻቸውን በወር በወር ይከፍላሉ፤ ፎልደሮቹም በአማርኛ ስም የተሰየሙ ናቸው። ስሞቹ ሰርቨሩ ላይ ሲቀመጡ ወደ ላቲን ምልክቶች ተለውጠው፣ ሲመለሱ ተመልሰው ፊደል ይሆናሉ፤ ይህ ከጀርባ ሳይታይ የሚሠራ ንጹሕ ሥራ ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነበር። ፕሮግራሙ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ዓመቱ ከሐምሌ ይጀምርና መስከረም ይከተላል፤ ጥቅምት ከጥር ኋላ ሄዶ ጳጉሜን ደጃፍ ላይ ይቆማል። እትዬ በየወሩ ስም ፊት ቁጥር ጽፈው፣ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት እያሉ ዓመቱን አቃኑት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 140ኛው ቨርዥን ግን ፎልደሮችን በእጅ ጎትቶ መደርደር ፈቀደ። በዚያው ሳምንት ወሮቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው አምጥተው፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ሰርዘዋቸዋል።

«አሁን የቀረኝ ካሌንደሩ ነው» ይላሉ። ካሌንደሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፤ የስብሰባ ቀን በተቆረጠ ቁጥር ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጋር እያስተያዩ ነው የሚመዘግቡት። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ተቀጥላ ሠርቶ መጨመርም የተፈቀደ ነው። ከሲ.ኤም.ሲ እስከ መገናኛ ባሉት ሕንጻዎች ውስጥ ኮድ እየጻፉ የሚውሉ ስንት ወጣቶች አሉ። መስከረም 1 በትክክለኛው ሣጥን ውስጥ የሚታይበትን ካሌንደር ከእነሱ አንዱ ቢሠራው፣ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ተዘጋጅተው እየጠበቁት ነው።