ከአሞሌ እስከ ስም ዝርዝር፦ ገንዘብና ምግባር በዋግ ምድር

አሞሌ ዝናብ አይወድም። ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በአህያ ደጋ የሚወጣው ይህ ጨው፣ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ከመሻገሩ በፊት ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የዋጉ ሰቆጣ ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ አሞሌ የሚበላ ሸቀጥም የሚቆጠር ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። ከተጠረበበት በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ይቀንሳል፤ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ሀብቱ ይሟሟል። ተቀባዩም አገላብጦ ሳያይ አይወስደውም። የማርያ ተሬዛ ብርም በመጣ ጊዜ ሰው የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥቦች ቆጥሮ፣ ጽሑፉን ዳስሶ ነበር የሚቀበለው። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን በገበያተኛ ፊት የሚደረግ፣ ሻጩንም ገዢውንም እኩል የሚመረምር ጥርጣሬ ነው።

«ገንዘብ የሰውን ምግባር ያበላሻል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ገበያ መጀመር የፈለግሁት፣ ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ስፍራ ስለምንጀምረው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት የወቀሰው የገንዘብን ፍቅር ሆኖ ሳለ፣ በስብከታችንና በወጋችን ፍቅሩ ይረሳና ገንዘቡ ብቻውን ይከሰሳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ገንዘብን የመለዋወጫ መሣሪያ አድርጎ ማየቱ ለዚህ ክርክር ዛሬም ይጠቅማል። መሣሪያ ብቻውን ማንንም አያበላሽም። መጠየቅ ያለበት በማን እጅ፣ በማን ዓይን ፊት እንደሚያልፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ያጠናክራል። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ «የጠፉ» ቦርሳዎችን ለሆቴል፣ ለባንክና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሰጥተው፣ ማን ለባለቤቱ እንደሚመልስ ተከታተሉ። ብዙዎች እንደሚጠብቁት ቢሆን ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ይቀር ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገንዘብ የሌለበት ቦርሳ በአማካይ 40 በመቶ ሲመለስ፣ ገንዘብ ያለበት 51 በመቶ ተመለሰ። ኢትዮጵያ በጥናቱ ስለሌለች ውጤቱን እንዳለ ወደ ዋግ ማምጣት አይቻልም። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ቦርሳው ውስጥ የባለቤቱ ስም፣ ቁልፍና ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር ነበሩ። ያገኘው ሰው ገንዘቡን ሲያይ ሰውዬውንም አየ። ያ ሰው ከቦርሳው ቢጠፋስ?

ዋግ ኽምራ ይህ ጥያቄ በየወሩ የሚነሣበት ምድር ነው። ዋግን ያቀፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያጋጥመውን ቤተሰብ በሥራ ወይም በቀጥታ ድጋፍ ለማገዝ ነበር። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅም የሌለው ሳይሠራ ይቀበላል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ያው ገበሬ ለተፋሰስ ዘመቻ ያለ ክፍያ ይወጣል። በአንድ ተራራ ላይ አንዱ እርከን በነጻ፣ ጎኑ ያለው በክፍያ ይሠራል ማለት ነው። ክፍያው የነጻ ሥራን መንፈስ ገደለ የሚሉ አሉ። ለዚህም የእስራኤሏን የሐይፋ ከተማ የመዋዕለ ሕፃናት ጥናት ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ልጃቸውን አዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ ቅጣት ሲጣል፣ መዘግየቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ምሳሌውን ለዋግ አልቀበለውም። የሐይፋው ወላጅ በቅጣቱ ጊዜን ገዛ፤ የዋጉ ገበሬ በክፍያው የሚገዛው እህል ነው። የተራበ ሰው ደሞዙን ስለጠየቀ ምግባሩ ተበላሸ ማለት ራሱ የምግባር ጉድለት ነው።

በመርሐ ግብሩ የመጀመሪያ ዓመታት አጥኚዎች ደጋግመው ያነሡት «ችግር» ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ለተወሰኑ ቤተሰቦች የተመደበው ድጋፍ ለብዙዎች ይከፋፈል ነበር፤ ለስድስት ነፍስ የሚገባው ለሦስት እየተሰጠ የተረፈው ለጎረቤት ይሄዳል። በባለሙያው ቋንቋ ይህ ድጋፉን ማሳሳት ነው። በመንደሩ ቋንቋ መካፈል ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተካፈለው እህል ማንንም እስከ መኸር አያደርስም፤ ያልተካፈለው ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል። ገንዘብ ሰውን አበላሸ ለሚለው ክስ ግን ይህ ታላቅ የመከላከያ ማስረጃ ነው። እጁ ላይ ብር የገባ ድሃ ያልተጻፈውን ጎረቤቱን አስቦአልና።

ታዲያ መበላሸቱ የት ነው የሚጀምረው? እንደ እኔ አስተያየት በተጠቃሚዎች የስም ዝርዝር ላይ ነው። አሞሌን ሁሉም ያገላብጠዋል፤ ዝርዝሩን የሚያገላብጠው ጥቂት ሰው ነው። ማን እንደተጻፈ፣ ማን እንደተሰረዘ፣ ማን ራሱን ችሎ «ተመረቀ» ተብሎ እንደወጣ የሚወስነው እስክሪብቶ የገንዘቡ ባለቤት ሳይሆን የገንዘቡ ጌታ ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለዚህ ሰው እንጂ ስለ ተቀባዩ አይደለም።

የዚህ ዋጋ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ታየ። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ ከሴፍቲኔቱ የተለየውን የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ አቆሙ፤ ምክንያታቸው እህሉ በስፋት ከታለመለት ሰው ውጭ መሄዱ ነበር። በዚያው ክረምት በዋግ ወረዳዎች በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ዝናቡ ቀረ። እህሉን ያዞሩት የመጋዘን ቁልፍና መዝገብ የያዙ እጆች ነበሩ፤ ግማሽ ዓመት ያህል ጾማቸውን የዋሉት ግን መዝገቡን አይተው የማያውቁ እናቶች ናቸው። ለጋሾቹ ስርቆቱን ማጋለጣቸው ተገቢ ነበር። ቅጣቱን በተራበው ላይ ማሳረፋቸው ግን ገንዘቡን አይቶ ሰውየውን አለማየት ነው።

የሴፍቲኔቱ መመሪያ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም እንዲኖር ያዛል። ይህ ትእዛዝ በቃለ ጉባኤ ፊርማ ብቻ መፈጸም የለበትም። ዝርዝሩ በየቀበሌው በአደባባይ፣ በአማርኛም በኽምጣናም፣ ከነምክንያቱ ይነበብ፤ ሲነበብም ስሙ የተጻፈውም ያልተጻፈውም ይገኝ።