የአያቴ ፈሰስ

«ጋሼ፣ ፈሰሱን አግድም ቢያወጡት ውኃው እዚያው አይሰርግም ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ በሰኔ መጀመሪያ ለልምምድ የመጣ የግብርና ተማሪ ነው። ገብሱ ተዘርቶ አፈር ለብሷል፤ በሬዎቹ ግን ገና ከቀንበር አልተፈቱም። «ይሰርግ ነበር፤ ማሳውም ተከትሎት ይሄድ ነበር» አልኩት። ልጁ ያልኩትን በደብተሩ ጻፈ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ግን ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። ፈሰስ ትርፉን የዝናብ ውኃ ከማሳ በሰያፍ የሚያወጣ ቦይ ነው። ስለ ፈሰስ የማውቀውን ያስተማሩኝ የእናቴ አባት ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሥራ ነውና ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ይገባኛል።

አያቴ ያርሱ የነበረው በሰሜን ተራሮች ከጨነቅ ወደ በለገዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ የቧሂት ተራራ ተጭኖታል፤ ማለዳ ውርጭ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም አያጣውም። ጤፍ አይሞከርም፤ እህሉ ገብስ ነው። አፈሩ ጥቁርና ቀላል፣ ጨብጠው ሲለቁት የሚበተን የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ተዳፋቱን፣ አፈሩንና ዝናቡን አንድ ላይ ያላየ ሰው በፈሰስ ላይ ባይፈርድ እወዳለሁ።

አርሶ መዝራት የሚችል ብዙ ነው። ፈሰስ ማውጣት የሚያውቅ ግን በየመንደሩ ጥቂት ነበር። ሌላው ሰው ዘሩን ሸፍኖ በሬውን ሲፈታ አያቴ ወደ ማሳው ራስ ወጥተው ይቆማሉ። እስኪበቃቸው ካዩ በኋላ እርፉን ጫን፣ ማረሻውን ወደ ቁልቁሉ ጎን ጋደል አድርገው ተዳፋቱን በሰያፍ ይቆርጡታል። በዚያው መሥመር ይደግሙታል፤ መሬቱ ጠንከር ካለ ይሠልሱታል። አፈሩ በታችኛው ጠርዝ እንዲከመር ያደርጋሉ፤ ውስጥ የቀረውን ጓል በዶማ እያነሡ ያወጣሉ። ተዳፋቱ ሲከብድ ፈሰሶቹ ይቀራረባሉ፤ ረገብ ሲል ይራራቃሉ። የዘንድሮው ፈሰስ በአምናው ቦታ አይወጣም፤ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዓመት ከዓመት በአንድ መሥመር የሄደ ውኃ ቦረቦር እንደሚሆን አያቴ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። ፈሰስ ቦረቦር ያመጣል ብለው የሚከሱን ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩን ሰነፍ ገበሬ ቦታውን ሳይለውጥ ደጋግሞ ያወጣውን ነው።

ዋናው ጥያቄ ሰያፉ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። አያቴ ይህን የሚወስኑት በደረቅ ቀን አልነበረም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሳቸው ገሳቸውን ለብሰው፣ ዶማቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከደበሏቸው ሥር የገብስ ገለባ ያወጡና በፈሰሱ ራስ ላይ ይጥሉታል። ከዚያ ከገለባው ጋር ወደ ታች ይሄዳሉ። ገለባው ጥሏቸው ከሄደ ፈሰሱ ቁልቁለት በዝቶበታል፤ ውኃው አፈር እየያዘ ነው ማለት ነው። እዚያው ጎንበስ ብለው መሥመሩን ወደ ላይ ይመልሱታል። ገለባው የሚቆም የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ያን ቦታ በዶማ ዝቅ ያደርጉታል። ልጅ ሳለሁ፣ «አባባ፣ ውኃውን እያዩት ገለባው ምን ያደርግልዎታል?» ብያቸው ነበር። «እኔ የማየው እግሬ ሥር ያለውን ነው፤ እሱ እስከ ታች ያሳየኛል» አሉኝ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። የባለሙያዎቹ መሣሪያ የመሬቱን ዘንበል ማለት በትክክል ይለካል፤ ያን ዕለት ውኃው ምን ያህል አፈር እንደያዘ ግን አይነግርም።

ሴቷ አያቴም ከዚህ ሥራ ውጭ አልነበሩም። እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ቆሎ ሲቆሉ፣ ከምጣዱ ላይ ጭምትርትር ያለውን ፍሬ ለይተው በመዳፋቸው ያመጡትና፣ «ይህ ከታችኛው ጥግ የታጨደው አይደለም?» ይላሉ። ውኃ የተኛበት ገብስ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ እሸቱ ይቀጭጫል፤ ፍሬው ለቆሎም ለበሶም አይመችም። ባልየው ፍሬውን በጥርሳቸው ሰብረው ያዩታል፤ ክርክር የለም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ጥግ አንድ ፈሰስ ይጨመራል። እኔ ይህን የመሰለ የእርሻ ምርመራ የትም አላየሁም።

አሁን ውኃን አግድም ወደሚይዘው እርከን ልምጣ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝብ ወጥቶ እርከን ይሠራል። የአፈር መሸርሸር የለም የምል ሰው አይደለሁም። ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ የመልክዓ ምድር ተመራማሪ በ1960ዎቹ ማብቂያ በዚሁ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲሠራ፣ የታረሰውንና ያልታረሰውን መሬት አፈር እያነጻጸረ ምን ያህሉ እንደሄደ አጥንቷል። በኋላም በ1970ዎቹ በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ ጎርፉና ደለሉ ሲለካ ኖሯል። ይህን ሥራ አከብራለሁ። የኮንሶን የድንጋይ እርከንም አከብራለሁ፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይገባዋል። ኮንሶ ግን ዝናብ የሚናፈቅበት አገር ነው፤ እርከኑ የተሠራው የተቻለውን ያህል ውኃ ለመያዝ ነው። እኛ ያለብን ጣጣ ውኃ መብዛቱ ነው። ውኃ ለመያዝ የተሠራን ጥበብ ውኃ ማሳለፍ ያለበት አገር ላይ እንዳለ መትከል ልክ አይደለም። ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር አንገቴ ላይ ያሉት ሥሮች እንደሚገታተሩ ሰዎች ይነግሩኛል። ይገታተሩ።

በታችኛው ማሳዬ ላይ አግድም እርከን ተሠርቶ አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ ውኃው ከካቡ ኋላ ተኛ፤ ገብሱ ቢጫ ሆነ፤ አይጥ ከድንጋዩ ሥር ገባ። ነሐሴ አጋማሽ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የወረደ ሌሊት ካቡ በአንድ ቦታ ተበጠሰ። ከላይ ተጠራቅሞ የነበረው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ወጣ፤ ፈሰስ በብዙ ዓመት የማይወስደውን አፈር በአንድ ሌሊት ወሰደው። ጠዋት ሄጄ ሳየው ከሥር ያለው ነጭ ድንጋይ ወጥቶ ነበር። አፈር ጥልቅ በሆነበት፣ ተዳፋቱ ረገብ ባለበት እርከን መልካም ነው። በቀጭን አፈርና በከባድ ተዳፋት ላይ ግን ውኃ መውጫ የሌለው ካብ አደጋ ነው፤ ይህን አልለውጥም።

የአያቴ አባት የኖሩት በክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ደስታ የሚባለው በሽታ ከብቱን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበትና ሕዝቡ አለቀ። በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኝህ ሰው ናቸው። ቀንበርና ሞፈር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ እሳቸው በዶማ ይቆፍሩ ነበር። በዶማ የሚቆፈር መሬት ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ካለችው ጉልበት ከፍለው መጀመሪያ ፈሰሱን ይቆፍሩ ነበር አሉ። ልጃቸው ይህን ሲነግሩኝ እንደ ጀግንነት አልነበረም። ዘር ያለችው አንዲት ቁና ብቻ ስትሆን ውኃ እንዳይወስዳት ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ በቃ፣ እንዲህ ነበር የሚያስቡት።

ፈሰስ ከማሳው ሲወጣ ወዴት ይሂድ? እዚህ ላይ ነው የጎረቤት ነገር የሚመጣው። በርስቱ ዘመን ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው ድረስ ዘር እየቆጠረ መሬት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው፤ ክርክሩም የዘመድ ክርክር ነው። ከአያቴ ማሳ በታች የሚያርሱት የአክስታቸው ልጅ፣ «ውኃህን በእኔ ላይ ለቀቅህብኝ» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ከአጨዳ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሊዳኙ አሰቡ። አያቴ እምቢ አሉ፤ ውኃ በሌለበት ስለ ውኃ አይፈረድም ብለው ጉዳዩ ለክረምት እንዲቀጠር አደረጉ። ሐምሌ ላይ ሽማግሌዎቹ ገሳ ለብሰው፣ ጭቃ እየረገጡ መጡ። ጎርፉን አዩ። የፈሰሱ አፍ አንድ ዓመት በቀኙ፣ አንድ ዓመት በግራው ወሰን እንዲወጣ፣ የመውረጃውን ድንጋይ ሁለቱም አብረው እንዲደለድሉ ፈረዱ። ሁለቱ ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ በየሰኔው ያን ድንጋይ አብረው ያነሡ ነበር። በሬ ሲጎድላቸውም የሚቀናጁት እርስ በርሳቸው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ አያቴ በአዋጁ አልተከፉም። መሬት ያልነበራቸው ሰዎች ማረስ በመጀመራቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው። ማሳዎቹ እንደገና ሲሸነሸኑ ወሰኖቹ ተለወጡ፤ ወሰኑን ተከትሎ ይወርድ የነበረው የውኃ መንገድ በአንዱ አዲስ ባለመሬት ማሳ መካከል ቀረ። መሬቱን ያካፈሉት ሰዎች ገመድ ይዘው የመጡት በበጋ ነበር። አያቴ ከእያንዳንዱ አዲስ ጎረቤት ጋር እንደገና መነጋገር ነበረባቸው፤ ሸምግለውም ቢሆን አደረጉት።

የፓርኩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በ2008 በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች መንደራቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዋልያው እንዲተርፍ እፈልጋለሁ፤ ጨነቅ ላይ ቆሞ ዋልያ ከገደሉ አፋፍ ሲግጥ ያየ ሰው ሌላ ሊመኝ አይችልም። ነገር ግን ስለ ገብስ ማሳችን የሚጻፈው ሁልጊዜ ጥፋቱ ብቻ ሲሆን ያመኛል። ከግጭ የወረዱት አዛውንቶች ያን ቁር፣ ያን ተዳፋት፣ ያን አፈር ያውቁ ነበር። ከተማ ዳር በተሠራ ቤት ግቢ ውስጥ ፈሰስ አይወጣም። ልጆቻቸው ከማን ይማሩት?

እኔ ዘር ቁጠር ብባል ከአያቴ በላይ ያሉትን አባቶች ስም እስከ አቅኚው እደረድራለሁ። ከስም በቀር ግን የማውቅላቸው ነገር የለኝም፤ ቁመታቸውን፣ ቁጣቸውን፣ የሚወዱትን አላውቅም። ሁለቱን ብቻ ነው እንደ ሰው የማውቃቸው፤ አያቴንና በዶማ የቆፈሩትን አባታቸውን። የማውቃቸውም በሥራቸው ነው። ማሳው ራስ ላይ ቆሜ ሰያፉን ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ፣ የማስበው በእነሱ ሐሳብ ነው። ቀኝ እጄ እርፉን ሲጫን የሚያጋድልበት መንገድ የአያቴ ነው፤ እናቴ አይታ ነግራኛለች። ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ደባርቅ ላይ ሥራ ይዤ፣ ደመወዝ እየበላሁ ወደ ገብሱ የተመለስኩት ለምን እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ለትርፍ አይደለም። አያቴ ገሳ ለብሰው ዝናብ ውስጥ ቆመው ያገኙት ዕውቀት በእኔ ዕድሜ እንዲቋረጥ ስላልፈለግሁ ነው።

የተበጠሰውን እርከን አላፈረስኩትም። ካቡን በየመካከሉ ከፍቼ ከላይ የሚመጣውን ፈሰስ በሰያፍ አሳልፌበታለሁ፤ ከመክፈቻው በታች ድንጋይ ደልድያለሁ። ደለሉ ከካቡ ኋላ ይቀራል፤ ውኃው ይሄዳል። ገብሱ አረንጓዴ ነው። መክፈቻው ከመመሪያው ውጭ ስለሆነ ድፈነው ተብያለሁ፤ አልደፍነውም። በጥር ባለሙያዎቹ ካስማና ገመድ ይዘው ሲመጡ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንድ ቀን ይምጡ።